ስለ ትምህርት ቤቱ መስፋፋትና ስለ ሰፈሩ ሜዳ



ይህ የምክር ቤታችን ሳምንታዊ ጋዜጣ የነጋዴዎች ጋዜጣ እንደ መሆኑ መጠን፥ በገጾቹ ላይ ዘወትር የሚቀርበው ስለ ሸቀጥ ዋጋ፥ ስለ ጉምሩክ፥ ስለ ጭነትና ስለ ግብር ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ አንድ የግል ትምህርት ቤትና ስለ አንድ የሰፈር ሜዳ ስለ ሆነ፥ «ይህ ከንግድ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም ሜዳው እንዲሰጠው የጠየቀው ነጋዴ ነው፤ እንዳይሰጥ አቤት የሚለው ሕዝብ የነጋዴው ደንበኛ ነው፤ የሚከራከሩበትም ነገር መሬት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለዚህ ጋዜጣ እንግዳ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርበት በአዋሽ ሰባት ከተማ፥ በሰፈራችን መካከል አንድ ሜዳ አለ። በዳርና ዳሩ የሰፈሩ ሰዎች በየጊዜው ተክለው፥ በባልዲ ውሃ አጠጥተው ያሳደጓቸው የኒም ዛፎች ቆመዋል። ከሜዳው በአንደኛው ወገን የግል ትምህርት ቤት ይገኛል። ይህ ትምህርት ቤት በአንድ የኪራይ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሕፃናትን ፊደል በማስቈጠር ጀምሮ፥ ዛሬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል። ተማሪው ከክፍሎቹ በላይ ስለ ሆነበት፥ ሜዳው ተጨምሮለት አጥሮ ተጨማሪ ክፍሎችን እንዲሠራበት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አቀረበ። የሰፈሩ ነዋሪዎችም ይህን እንደ ሰሙ ተሰብስበው የተቃውሞ አቤቱታ ጻፉ።

እኔ በዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በሁለት በር ነው። አሠሪዬ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ሲሆኑ፥ በትምህርት ቤቱም አክሲዮን አላቸው። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚደግፈውን ደብዳቤ በሥራ ሰዓት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት ማታ ደግሞ ጎረቤቶቼ የአቤቱታውን ረቂቅ ይዘው ከቤቴ መጡ፤ በሰፈሩ ውስጥ ደብዳቤ በማሳመር የምታወቅ ጸሐፊ እኔ ነኝና ያንንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከዚህም በላይ የመጨረሻው ልጄ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎች በአንድ ቀን የጻፈ ሰው የሁለቱንም ወገን ምክንያት በሚገባ ያውቃል ብዬ ስለማስብ፥ አስተያየቴን ለማቅረብ ደፈርኩ።

አስቀድሜ ስለ ትምህርት ቤቱ ልናገር። የግል ትምህርት ቤት የሚከፍት ሰው ክፉ አደረገ የሚል ካለ ተሳስቷል። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ተዛውረው እንደ ነበር፥ በኋላም ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የግል ባለ ገንዘብ በትምህርት ሥራ እንደ ገና እንደ ተበረታታ ይታወቃል። አዋሽ ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት። የጥንቱ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማችን በመካከሉ ጣቢያ ሆና ተቈረቈረች። ዛሬም በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በዚሁ ያልፋል፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው የጭነት መኪና ብዛትም ለሁላችንም የታወቀ ነው። የሹፌሩ፥ የመካኒኩ፥ የጉምሩክ አስተላላፊውና የባንክ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ እንዲሰፍር ከተፈለገ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። ጥሩ ሠራተኛ «ልጆቼን የት ላስተምር?» ብሎ አዋሽን ትቶ ወደ አዳማ ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ክፍል አነሰኝ ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ ልጄ በአንድ ወንበር ላይ ለሦስት እየተቀመጠ እንደሚማር እኔ ራሴ አውቃለሁ።

ነዋሪዎቹስ ምን ይላሉ? በአቤቱታው ላይ የተጻፈው ባጭሩ «ሜዳው የሁላችን ነው» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህን ቃል ሲያነብ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሥልጣን «ካርታው የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ካርታ ደግሞ የለም። ስለዚህ ካርታ ሳይኖር ሜዳው በምን በምን እንደሚያገለግል እዚህ መዘርዘሩ ይሻላል። ከሰፈሩ ሰው በሞተ ጊዜ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው በዚሁ ሜዳ ነው፤ ቤቶቻችን የተጠጋጉ ስለ ሆኑ ሌላ ስፍራ የለም። የኢድ ዕለት ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ምንጣፍ አንጥፈው ይሰግዱበታል፤ በመስቀል ዋዜማ ደመራ ይደመርበታል። ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ቀን ቀን ከአካባቢው ቀበሌዎች ወደ ገበያ የመጡ ከብት አርቢዎች በኒሙ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ዳጉ ይለዋወጡበታል። ዳጉ ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ግጦሹ፥ ስለ ሰላሙና ስለ ገበያው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት የሚነጋገሩበት የአፋር ሕዝብ የወሬ ማስተላለፊያ ነው፤ የፍየልን ዋጋ በመጀመሪያ የምንሰማውም ከዚያ ነው። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህን ጥቅም አይንቀውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚረሳ የለም። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቈይቶ፥ በታኅሣሥ መጨረሻ መጠናቸው ከ5 የበለጠ መንቀጥቀጦች ተከታትለው መጡ፤ በየካቲት ወር የደረሰውም 6 ያህል ተለክቷል። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰደ። በሰፈራችን ግድግዳው በተንቀሳቀሰ ቍጥር ልጆቻችንን አቅፈን የሮጥነው ወደዚሁ ሜዳ ነበር። ሽማግሌዎች በአልጋ፥ እኛ በምንጣፍ ላይ ሆነን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ደወል ደውሎ ተማሪዎቹን ያወጣቸው ወደ ሜዳው ነው። ያን ጊዜ ሜዳው በብሎኬት አጥር የታጠረና በመካከሉም ሕንፃ የቆመበት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው የት ይወጣ ነበር? በአቤቱታው ላይ ይህ ነገር አልተጻፈም፤ እኔም ስጽፈው ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ነው።

ክቡራን ነጋዴዎች፤ ይህን ነገር በራሳችን ቋንቋ ልግለጸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ የአክሲዮን ማኅበር በየዓመቱ ከተጣራው ትርፍ ላይ ከሃያ አንዱን እጅ እየቀነሰ ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። ይህ ገንዘብ ባለ አክሲዮኖች በሚሰበሰቡበት ቀን ሁሉ የሚያጓጓ ነው፤ «ዝም ብሎ ተቀምጧልና እንከፋፈለው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም አስተዋይ የሆነ የሒሳብ ሹም መጠባበቂያውን ሥራ ፈት ገንዘብ ነው አይለውም፤ ሥራው መጠበቅ ነውና። ክፉ ዓመት በመጣ ጊዜ ማኅበሩን ከመፍረስ የሚያድነው እርሱ ነው። የሰፈር ሜዳም የሰፈሩ መጠባበቂያ ነው። በደኅናው ቀን ሲያዩት ባዶ ይመስላል፤ ለቅሶ፥ በዓል፥ ወይም መንቀጥቀጥ በመጣ ቀን ግን የተቀመጠበት ምክንያት ይታወቃል። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለው፥ ሜዳው በእጃችን ስላለ ዋጋውን አሳንሰን እናየዋለን።

«ባዶ መሬት» የሚለው ቃል በተለይ በእኛ ሸለቆ በጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች በተስፋፉ ጊዜ፥ የተወሰደው የወንዙ ዳር መሬት ለሚያየው ሰው ባዶ መስሎ ነበር። ለአፋሩ ከብት አርቢ ግን ያ መሬት በደረቁ ወራት ከብቱን የሚያተርፍበት የመጨረሻ ግጦሹ ነበር። ዝናብ ባለበት ወቅት ማንም ስላልነበረበት ብቻ ባዶ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚጠጋበት አጥቶ አለቀ፤ ሰውም ለከባድ ረኀብ ተጋለጠ። ጥጡ ለአገር ጥቅም አላመጣም ማለቴ አይደለም፤ የእርሻ ሠራተኛና የነጋዴ እንጀራ ሆኗል። ስሕተቱ፥ ያ መሬት በየትኛው ወር ለማን እንደሚያገለግል ሳይጠየቅ መወሰኑ ነው። ስለ ትልቁ ሸለቆ ያልተጠየቀው ይህ ጥያቄ ዛሬ ስለ ትንሹ ሜዳ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?

ከከተማችን ውጭ ያለውንም ምሳሌ እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የአዲስ አበባው የአትክልት ተራ ገበያ በመጨናነቁ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ እንዲዛወር ተደረገ። ጃን ሜዳ ጥምቀት የሚከበርበት፥ ሩጫና ኳስ የሚካሄድበት የቆየ ሜዳ ነው። ነጋዴው በክፉ ቀን መጠጊያ አገኘ፤ የሜዳው ሰፊ ሆኖ መቈየትም ያን ዕለት ጠቀመ። ነገር ግን የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው በጭቃና በብስባሽ ተበላሽቶ ስለ ነበር ብዙ ቅሬታ ተነሣ፤ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተነሥቶ ሜዳው ተጠርጎ ለበዓሉ ተመለሰ። ለመመለስ የተቻለው ገበያው በጊዜያዊነት ስለ ገባና ቋሚ ሕንፃ ስላልተሠራበት መሆኑን ልብ ይሏል። ሕንፃ የቆመበት ሜዳ ግን አይመለስም።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። በአውሮፓ አቈጣጠር በጥር ወር 2015፥ በናይሮቢ የላንጋታ ሮድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከዕረፍት ሲመለሱ የመጫወቻ ሜዳቸውን በግንብ ታጥሮ አገኙት። ሕፃናቱ ግንቡን ሲገፉ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኰሰባቸው፤ ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በመጨረሻ መንግሥት ሜዳው የትምህርት ቤቱ ነው ብሎ መለሰላቸው። በዚያ የትምህርት ቤቱን ሜዳ የወሰደው ሌላ ነበር፤ በእኛ ዘንድ የሰፈሩን ሜዳ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ይሁን እንጂ ችግሩ የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሁሉም የሚጠቀምበት ነገር በማንም ስም በግልጽ ካልተመዘገበ ቀድሞ ያጠረው ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ጎረቤቶቼ ቅር ባይሰኙብኝ አንድ እውነት መናገር ይገባኛል። የእኛም ጥፋት አለ። ሜዳችን ነው ስንል የሜዳው የምዕራብ ጫፍ የቆሻሻ መጣያ ሆኗል፤ ይህን ያደረገው ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም። ከዚያም አልፎ ወያኔ ዛፍ የምንለው፥ አፋሮች ደግሞ ደርጊ ሃራ የሚሉት እሾኻም ዛፍ ከአጥር እየተሻገረ ገብቶበታል። ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በረሃውን ያለማል ተብሎ ወደ መካከለኛው አዋሽ ገብቶ፥ በኋላ ግጦሹን እየዋጠ የከብት አርቢው ጠላት የሆነ ነው። እርሱም አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ጥቅም አለው ማለት እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ የሚመሰክር የለም። ትምህርት ቤቱ በማመልከቻው ላይ «ሜዳው ቆሻሻ የሚጣልበትና እሾኽ የወረሰው ስለ ሆነ» ብሎ ጽፏል። ይህን ዐረፍተ ነገር በራሴ እጅ ስጽፈው አፈርኩ፤ እውነት ነበርና። ያልጠበቅነውን ነገር ሌላው ቢመኘው ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለ ሠመራም ጥቂት ልበል፤ በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ እመላለስባታለሁና። ሠመራ የክልሉ ዋና ከተማነትን ከአሳይታ የተረከበች፥ በገላጣ ሜዳ ላይ በፕላን የተመሠረተች አዲስ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ስለ ሆነች በሞቃቱ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ለሚኖር ሰው «መሬት ሞልቷል፤ ስለ አንድ ሜዳ ምን ያጨቃጭቃል?» ማለት ቀላል ነው። እውነት ነው፥ በሠመራ መሬት አልጠፋም፤ የጠፋው ጥላ ነው። እያንዳንዱ የመንገድ ዳር ዛፍ በቦቴና በጎማ ቱቦ ውሃ እየጠጣ ያደገ ነው። ስለዚህ በዚያ አንድ ሄክታር ባዶ መሬትና አንድ ሄክታር ጥላ ያለው መሬት እኩል ዋጋ የላቸውም። ሠመራና ሎጊያ ግን ከእኛ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ቤቱ ሳይጠጋጋ፥ ክርክሩም ሳይነሣ የየሰፈሩን ሜዳና የየትምህርት ቤቱን ቦታ ለይተው ማስቀመጥ ይችላሉ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላልና ይህን ዕድል ባያሳልፉት መልካም ነው።

ሕጉስ ምን ይላል ለሚለው፥ እኔ የሕግ ባለሙያ ባልሆንም በደብዳቤ ሥራዬ ያየሁትን ልጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቍጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው አዝዟል። በከተማ ልማት መሥሪያ ቤቶች ዘንድም ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፥ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ስፍራ፥ 40 በመቶው ለሕንፃ ይሁን የሚል መመሪያ ሲነገር ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቍጥር 721 ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለትምህርት የሚሰጥ መሬት ሊዙ እስከ 99 ዓመት እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። 99 ዓመት የአራት ትውልድ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳውን አንድ ጊዜ በሊዝ ከሰጠው፥ ውሳኔውን የሚቀበሉት ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆቻችን ናቸው። ይህን ያህል ረጅም ውል የሚፈርም ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያነብበዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ወይም ተማሪ አይቀበል ማለት ለከተማው አይበጅም። ሜዳው ይሰጠው ማለትም ከላይ በዘረዘርኩት ምክንያት አይበጅም። እኔ የሚታየኝ መካከለኛ መንገድ ከሩቅ አገር የተገኘ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. የቶኪዮን ከተማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ካጠፋት በኋላ፥ ጃፓኖች ከተማይቱን መልሰው ሲሠሩ 52 ትንንሽ የመናፈሻ ሜዳዎችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን አደረጉ። ሜዳው የሕዝብ ሆኖ፥ በትምህርት ሰዓት ተማሪው ይጫወትበታል፤ በሌላው ሰዓት የሰፈሩ ሰው ያርፍበታል፤ መንቀጥቀጥና እሳት በመጣ ቀን ሁሉም ይጠጋበታል። መሬት ከእኛ ይልቅ የጠበባቸው ሰዎች ትምህርት ቤትንና ሜዳን ማጎራበትን እንጂ አንዱን በሌላው ማጥፋትን አልመረጡም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ሜዳው ተለክቶ በከተማው ፕላን ላይ የሕዝብ ክፍት ስፍራ ተብሎ ይመዝገብ፤ ወሰኑም በችካል ይታወቅ። ይህ ሳይደረግ የሚደረግ ስምምነት ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ነው፤ የዛሬው ትምህርት ቤት ቢተወው የነገው ነዳጅ ማደያ ይጠይቀዋልና።

ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤቱ በትምህርት ቀናት በታወቁ ሰዓቶች በሜዳው እንዲጠቀም በጽሑፍ ውል ይፈቀድለት። ስለዚህም ምትክ እሾኹን ይመንጥር፥ ቆሻሻውን ያስጠርግ፥ ዛፎቹን ያጠጣ፥ ዘበኛም ያቁም። አጥር ግን አይጠር። የለቅሶ፥ የበዓልና የአደጋ ቀን ከሁሉ ይቅደም።

ሦስተኛ፥ ለተጨማሪ ክፍሎች ማዘጋጃ ቤቱ በከተማው ዳር ትክ ያለ ቦታ ያዘጋጅለት፤ ትልልቆቹ ክፍሎች ወደዚያ ይዛወሩ፥ ሕፃናቱ ከቤታቸው አጠገብ ይቅሩ። «በነበረው ግቢ ላይ ፎቅ ይሥራ» የሚሉ አሉ፤ ይህ መንቀጥቀጥ ባለበት አገር ያለ በቂ መሐንዲስ ምርመራ የሚደፈር አይደለምና በዚህ አልስማማም።

አራተኛ፥ የሰፈሩ ሰዎችም «የእኛ ነው» ያሉትን በሥራ ያሳዩ። እድራችን በየወሩ ለለቅሶ እንደሚያዋጣ ሁሉ ለሜዳው ጥበቃ ትንሽ ያዋጣ። ከአራት ገጽ ፊርማ ይልቅ አንድ ቅዳሜ በአካፋና በመጥረቢያ ተሰብስቦ መዋል ባለሥልጣኑን ይበልጥ ያሳምናል።

አምስተኛ፥ ምክር ቤታችን ሁለቱን ወገኖች ያገናኝ። አፋሮች ነገር ሲከብድ በመብሎ ተሰብስበው፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ እያንዳንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ተደማምጠው ነገሩን ይጨርሳሉ። እኛም ከጠበቃና ከክስ በፊት ይህን ሥርዓት ብንከተል ወጪ እንቀንሳለን። ስፍራ እንዳይቸግረንም የኒሙ ዛፍ ጥላ አለ፤ ገና አልተቈረጠም።

አንዳንድ ነጋዴ «ትምህርት ቤቱ ወደ ዳር ከወጣ የመጓጓዣ ወጪ ይጨምራል፥ ትርፉም ይቀንሳል» ሊል ይችላል። ይጨምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ ወጪ ዛሬም አለ፤ ልዩነቱ ማን ይክፈለው የሚለው ነው። ሜዳው ቢታጠር ድንኳን መትከያ ያጣው ለቀስተኛ፥ መስገጃ ያጣው ምእመን፥ ጥላ ያጣው ገበያተኛ ይከፍለዋል፤ በማንም መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ግን ወጪ አይመስልም። እኔ ለሃያ ዓመት ያህል መዝገብ ስይዝ የተማርኩት፥ በመዝገብ ያልተጻፈ ዕዳ አንድ ቀን መጥቶ እንደሚያስከፍል ነው። ደግሞም የግል ትምህርት ቤት የሚኖረው በወላጆች ፈቃድ ነው። የሰፈሩን ቅሬታ በአጥሩ ውስጥ ይዞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፥ ሌላ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቀን ደንበኛው እንደማይከዳው ምን ዋስትና አለው?

ይህን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለአሠሪዬ አሳየኋቸው፤ እንጀራ የምበላበትን ቤት ሳላሳውቅ የሚቃወም ጽሑፍ ማውጣት ነውር መስሎ ስለ ታየኝ ነው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፥ «የዚያን ሌሊት እኔም ከነልጅ ልጆቼ ያደርኩት እዚያው ሜዳ ላይ ነበር» አሉ። በሐሳቤ ተስማምተዋል ማለቴ አይደለም፤ የድጋፉን ደብዳቤም እንድመልሰው አላዘዙኝም። ነገር ግን በሚቀጥለው የባለ አክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ስለ ከተማው ዳር ቦታ ጥያቄ አነሣለሁ ብለውኛል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውሳኔው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሆኖም ከውሳኔው በፊት ባለሥልጣኖቹ አንድ ቀን፥ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ስትል፥ መጥተው ሜዳውን እንዲያዩት በአክብሮት እለምናለሁ። የሚያዩት ኳስ የሚያባርሩ ልጆችን፥ ከጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎችንና፥ እኛው የጣልነውን ቆሻሻ ነው። ሁሉንም አይተው ይፍረዱ። ምክር ቤታችንም በዚህ ጉዳይ ዝም እንዳይል እያሳሰብኩ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።

አንዲት የነጋዴ ጸሐፊ
ከአዋሽ ሰባት